ስቱድቤከር ለምን ጠፋ? የሠራተኞቹ ጡረታስ የት ገባ?

ዲሴምበር 9 ቀን 1963። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ። ስቱድቤከር የሚባለው የመኪና ኩባንያ የከተማውን ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። የፈረንጆች ገና ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም። ወደ 7,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ከነሱ ውስጥ አባቱም አያቱም እዚያው ግቢ ሲሠሩ የኖሩ አሉበት። ዲሴምበር 20 ቀን የመጨረሻዋ መኪና ከመስመሩ ወረደች፤ በቃ።

(ከላይም ከታችም ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ኩባንያ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ “መኪናቸው መጥፎ ስለነበረ ከሰሩ።” እኔም ለረጅም ጊዜ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ለእኛም የሚነካን ነገር አለው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የጡረታ ሂሳብ ያለው ሰው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል ያለው ወገናችን ጭምር፣ ገንዘቡን የሚጠብቅለት ሕግ አለ። ያ ሕግ እንዲወጣ ከገፉት ነገሮች አንዱ የዚህ ፋብሪካ መዘጋት ነው።

ስቱድቤከር ማን ነበር?

መነሻው መኪና አይደለም፤ ጋሪ ነው። በ1852 ሄንሪ እና ክሌመንት ስቱድቤከር የሚባሉ ወንድማማቾች ሳውዝ ቤንድ ላይ አንጥረኛ ቤት ከፈቱ። እጃቸው ላይ የነበረው 68 ዶላር ነው ይባላል። ሌላው ወንድማቸው ጆን ደግሞ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ከሚጎርፈው ሰው ጋር ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን ወርቁን ትቶ ለቆፋሪዎቹ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ መሥራት ጀመረ። በ1858 ወደ 8,000 ዶላር የሚሆን ገንዘብ ይዞ ተመለሰና ከወንድሞቹ ሥራ ጋር ቀላቀለው።

ከዚያ በኋላ ሥራው አደገ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ጋሪ አቀረቡ። ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል በዓለም ላይ ከነሱ የሚበልጥ የጋሪ ፋብሪካ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ነገር አለ። መኪና ሲመጣ አብዛኞቹ የጋሪ ሠሪዎች ከጋሪው ጋር አብረው ጠፉ። ስቱድቤከር ግን በ1902 በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና፣ በ1904 ደግሞ በቤንዚን የሚሄድ ለገበያ አቀረበ። ከፈረስ ወደ ሞተር የተሻገረ ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት በኋላ መሸነፉ ነው እንቆቅልሹ።

“ነጻ አምራች” ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የመኪና ታሪክ ውስጥ “ትላልቆቹ ሦስቱ” የሚባሉት ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድ እና ክራይስለር ናቸው። ከነሱ ውጭ ያሉት “ነጻ አምራቾች” ይባላሉ። ፓካርድ፣ ናሽ፣ ሃድሰን፣ ዊሊስ፣ ካይዘር፣ ስቱድቤከር። ነጻ የተባሉት የትላልቆቹ አካል ስላልሆኑ ነው እንጂ ከመንግሥት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ትናንሽ መሆናቸው ግን እንዳያሳስታችሁ። ስቱድቤከር በ1950 አካባቢ ከ20,000 በላይ ሠራተኛ ነበረው። በዚያው የሞዴል ዓመት ከ300,000 በላይ መኪና ሠርቷል። ችግሩ ጄኔራል ሞተርስ ብቻውን የአገሪቱን ገበያ ግማሽ ወደ መያዙ መድረሱ ነው። ትንሽነት የሚለካው ከጎን ከቆመው ጋር ነው።

ትንሽ መሆን ለምን ይገድላል?

እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ምጣዱን ለማሞቅ የሚነደው እንጨት አንድ እንጀራ ብትጋግሩም ሃምሳ ብትጋግሩም ያው ነው። ሃምሳ ከጋገራችሁ ያ እንጨት ለሃምሳ ይካፈላል። ሦስት ጋግራችሁ ከተነሳችሁ ግን እያንዳንዷ እንጀራ ውድ ሆና ነው የምትወጣው። ሊጡ ያው፣ እጁም ያው ሆኖ ማለት ነው።

መኪና ሲሠራ “ምጣድ ማሞቂያው” ብዙ ነው። ዋናው ቆርቆሮውን እየተጫነ በር፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ የሚያወጣው ከባድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ሞዴል በተቀየረ ቁጥር እሱም እንደ አዲስ ይሠራል፤ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። አንድ ሚሊዮን መኪና ለሚሸጥ በአንዱ መኪና ላይ የሚያርፈው 20 ዶላር ነው። መቶ ሺህ ለሚሸጥ ግን 200 ዶላር። ማስታወቂያውም፣ የመሐንዲሶቹ ደመወዝም፣ የፋብሪካው ጥገናም እንደዚሁ ይካፈላል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት እንዳይመስላችሁ። የስቱድቤከርን የ1953 ባለ ሁለት በር ኩፔ የነደፉት ሮበርት ቡርክ አንድ ጊዜ ዋጋውን አስልተውት ነበር። ኩባንያው መኪናዋን የሚሸጣት ወደ 2,500 ዶላር ነው። ያችኑ መኪና ጄኔራል ሞተርስ በራሱ ወጪ ቢሠራት ኖሮ ወደ 1,900 ዶላር ሊሸጣት ይችል ነበር። መኪናዋ ያችው ናት፤ የ600 ዶላሩ ልዩነት ብዛት የሚያመጣው ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ አንድ ቃል አለ፤ የኪሳራ ወሰን። አንድ ፋብሪካ በዓመት ስንት መኪና ቢሸጥ ነው ወጪውን ብቻ የሚሸፍነው? ያ ቁጥር ነው ወሰኑ። ከሱ በላይ የተሸጠው ትርፍ ያመጣል፤ ከሱ በታች ሲሆን ፋብሪካው በሠራ ቁጥር ይከስራል። ይህን ቃል ያዙት፤ ቆይቶ ይመጣል።

ታዲያ ገንዘብ ሲያገኙ ምን አደረጉበት?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የታሪኩ ክፍል ይህ ነው።

በ1929 መጨረሻ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጀመረ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አልበርት አርስኪን ችግሩ ቶሎ ያልፋል ብለው አመኑ። ስለዚህ ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ መክፈላቸውን አላቆሙም። በ1930 የከፈሉት ድርሻ ኩባንያው በዚያ ዓመት ካገኘው ትርፍ አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። ከየት መጣ? ከተቀማጩ ነዋ። ለክፉ ቀን የተባለው ገንዘብ ክፉው ቀን ገና ሲጀምር ወጣ። በ1933 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት የሾማቸው ሰዎች ተረከቡት። አርስኪን በዚያው ዓመት ሕይወታቸውን አጠፉ።

ከውድቀቱ ያነሱት ሃሮልድ ቫንስ እና ፖል ሆፍማን ናቸው። ሆፍማን የሚለውን ስም ሌላ ቦታ ሰምታችሁት ይሆናል። በኋላ አውሮፓን ከጦርነት ፍርስራሽ ያነሳውን የማርሻል ፕላን መርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም፣ እኛ ዩኤንዲፒ የምንለው፣ ሲቋቋምም የመጀመሪያው ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ይህን የምለው ስቱድቤከር ሰው አጥቶ እንዳልወደቀ እንድታውቁት ነው። በ1939 ቻምፒዮን የምትባል ቀላልና ቤንዚን ቆጣቢ መኪና አወጡ፤ በደንብ ተሸጠች።

ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፋብሪካው ቢ-17 ለሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተር ሠራ። ዩኤስ6 የሚባል የጭነት መኪናም ወደ 200,000 የሚጠጋ አመረተ። አብዛኛው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ነው የተዋጋው። ሩሲያውያን ካትዩሻ የሚሉትን ሮኬት የጫኑት በዚሁ መኪና ጀርባ ላይ ነው። እዚያ አገር ያለ የድሮ ወታደር “ስቱደር” ሲል የሳውዝ ቤንድን መኪና ማለቱ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለአራት ዓመት አዲስ መኪና ያላየ ሕዝብ ተሰለፈ። ትላልቆቹ ሦስቱ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሞዴላቸውን ቀባብተው ሲያወጡ ስቱድቤከር ቀደመ። ለ1947 ፍጹም አዲስ መኪና አቀረበ። ዲዛይኑ የመጣው ከሬይመንድ ሎዊ ቢሮ ነው፤ ትልቁን ሥራ የሠሩት ደግሞ ቨርጂል ኤክስነር ናቸው። እነዚያ ዓመቶች ወርቃማ ነበሩ። የተሠራው ሁሉ ይሸጣል።

ለዚህም ነው አመራሩ ከሠራተኛው ጋር መጣላት ያልፈለገው። አድማ ተመትቶ ምርት ከሚቆም ደመወዝ ቢጨመር ይሻላል አለ። የሳውዝ ቤንድ ሠራተኛ የሚያገኘው ከሌላው ፋብሪካ ይበልጥ ነበር፤ በሥራው ፍጥነት ላይም ብዙ ነገር ይፈቀድለት ነበር። ባለአክሲዮኑም ድርሻው ደህና አድርጎ ተከፍሎታል። ሁሉም ደስ ብሎታል። ፋብሪካው ግን ከዓመት ዓመት አረጀ። ግቢው ከድሮ ጀምሮ የተደራረቡ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉንም ነገር በአንድ ወለል ላይ ዘርግተው ሲሠሩ እዚህ ዕቃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ትርፉ ቤት የሚያድስ ጊዜ ነበር፤ አልታደሰበትም።

ሠራተኛው የድርሻውን መጠየቁ ጥፋት አይደለም፤ ሰዎቹ ጥሩ ሠርተዋል። ገንዘቡን ለዛሬና ለነገ የመከፋፈል ኃላፊነት ግን የአመራሩ ነበር።

በ1953 ምን ተበላሸ?

በ1953 ስቱድቤከር ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በአሜሪካ ከተሠሩት ሁሉ ውብ የሚላትን መኪና አወጣ። ባለ ሁለት በር ኩፔ ናት። ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ክሮሙ ያልበዛባት። ፎቶዋን ፈልጋችሁ ብታዩ ሰባ ዓመት ያለፋት አትመስልም።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች መስመሩ ላይ ሲገጣጠሙ ግን የፊተኛው ቆርቆሮ አልገጥም አለ። ሻንሲው ለስላሳ ተደርጎ የተሠራ ስለነበረ ሞተሩ ሲቀመጥበት ትንሽ ይለመጣል። ሲለመጥ ደግሞ ኮፈኑና ፓራፋንጎው የሚገናኙበት መስመር ይዛነፋል። ወረቀት ላይ ልክ የነበረው እዚያ ጋ ልክ አልሆነም። እሱ እስኪስተካከል ወራት አለፉ። ገዢው በማሳያ አዳራሽ ቆሞ ይጠብቃል፤ መኪናዋ የለችም።

ሌላ ስህተትም ነበር። አመራሩ ሰው በብዛት የሚገዛው ባለ አራት በሩን ነው ብሎ ምርቱን በዚያ ልክ አዘጋጀ። ሰው የፈለገው ኩፔዋን ሆነ። ባለ አራት በሩ ተርፎ ቆመ፤ የተፈለገችው ጠፋች።

በዚህ ላይ ሌላ መዓት ወረደ። ፎርድ የጄኔራል ሞተርስ የሆነውን ሸቭሮሌን በልጦ አንደኛ መሆን ፈለገ። በ1953 እና በ1954 ሁለቱ ኩባንያዎች ባለ በሌለ ኃይላቸው መኪና አመረቱ። አከፋፋዮቻቸው ላይ ካዘዙት በላይ እያራገፉ፣ አከፋፋዩም በቅናሽ እየሸጠ፣ ገበያው ረከሰ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ ፎርድም ሸቭሮሌም አልተጎዱም። የተጎዱት ዋጋ መቀነስ የማይችሉት ነጻዎቹ ናቸው። ስቱድቤከር በ1954 የሞዴል ዓመት የሠራው መኪና ወደ 82,000 ወረደ።

ከፓካርድ ጋር ሲዋሃዱ ለምን አልዳኑም?

ነጻዎቹ አምራቾች አደጋውን አላጡትም። የናሹ መሪ ጆርጅ ሜሰን መፍትሔ ያሉት ነበር፤ ናሽ፣ ሃድሰን፣ ፓካርድ እና ስቱድቤከር አንድ ይሁኑ። ወደ ምጣዳችን እንመለስና፣ አራት ጎረቤት በየቤቱ እንጨት ከሚያነድ በአንድ ምጣድ ይጋግር ማለታቸው ነው። በ1954 ናሽ እና ሃድሰን ተዋህደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ፓካርድ ስቱድቤከርን ገዛ። የቀረው ሁለቱን ጥንድ ማገናኘት ነበር። ልክ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 8 ቀን፣ ሜሰን ሞቱ። የተተኳቸው ጆርጅ ሮምኒ የብቻ መንገድን መረጡ። (ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የሚት ሮምኒ አባት ናቸው።)

ፓካርድ ባለጸጎች የሚነዱት መኪና ነበር፤ ስሙም ትልቅ ነው። ችግሩ ሲገዛ የሚገዛውን ዕቃ በደንብ ሳይፈትሽ መግዛቱ ነው። የኪሳራ ወሰን ያልኳችሁን አስታውሱ። ስቱድቤከር ወሰኔ በዓመት ወደ 165,000 መኪና ነው ብሎ ነበር። ከግዢው በኋላ የፓካርድ ሰዎች መዝገቡን ከፍተው ሲያሰሉት ቁጥሩ ከ280,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዓመት 82,000 ለሚሸጥ ድርጅት ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ሳያይ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ሞተሩ የተቃጠለ መሆኑን ያወቀ ሰው ስሜታቸውን ይረዳዋል።

ውህደቱ ሁለቱንም አላዳነም። በ1956 የፓካርድ የዲትሮይት ምርት ቆመ። ለሁለት ዓመት የፓካርድ ስም ሳውዝ ቤንድ በሚሠሩ የስቱድቤከር መኪናዎች ላይ ተለጠፈ፤ በ1958 ስሙም ቀረ። የተገዛው ገዢውን ቀበረው።

ሰው ስቱድቤከር መግዛት ለምን ፈራ?

አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው ቶዮታን ለምን እንደሚመርጥ ጠይቁት። መለዋወጫው በየቦታው አለ ይላችኋል፤ ሲሸጥም ዋጋ አያጣም። አሜሪካዊውም እንደዚያው ነው ያሰበው። ኩባንያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ነገ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ? ማንስ ይገዛኛል? አለና ወደ ሸቭሮሌ ሄደ። እሱ ሲሄድ ሽያጩ ወረደ። ሽያጩ ሲወርድ ወሬው እውነት መሰለ። አከፋፋዩም ትቶ ሌላ መኪና መሸጥ ጀመረ። ይህ አዙሪት አንዴ ከጀመረ መኪናው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያስቆመውም።

አንዴ ብቻ የቆመ መስሎ ነበር። ለ1959 ላርክ የምትባል ትንሽ መኪና አወጡ። አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ስላልነበረ የድሮውን ቦዲ መሃሉን ይዘው ፊቱንና ኋላውን አሳጠሩት። ሐሳቡ በጣም ብልህ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ130,000 በላይ ተሸጠ፤ ኩባንያውም 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አተረፈ። ግን ለ1960 ፎርድ ፋልከንን፣ ሸቭሮሌ ኮርቬርን፣ ክራይስለር ቫሊያንትን አመጡ። ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው እንዳለ ላርክም አሳይታ ነበር። የበሉት ግን እነሱ ናቸው።

በ1961 የመጡት ፕሬዚዳንት ሸርዉድ ኤግበርት የመጨረሻውን ሙከራ አደረጉ። አቫንቲ የምትባል ቦዲዋ ከፋይበር ግላስ የሆነ የስፖርት መኪና አሠሩ። ቦዲውን የሚያቀርበው ሌላ ድርጅት ነበር፤ ጥራቱ ተቸገረ፣ ርክክቡም ዘገየ። እንደገና ያው የ1953 ታሪክ፤ ገዢው ይጠብቃል፣ መኪናዋ አትመጣም። 5,000 ሳይሞላ ቀረ። ኤግበርት በካንሰር ታመው በኖቬምበር 1963 ከኃላፊነታቸው ወረዱ። ከሳምንታት በኋላ ነው ያ የዲሴምበሩ መግለጫ የወጣው። የስቱድቤከር መኪና ግን ካናዳ፣ ሃሚልተን ላይ እስከ ማርች 1966 ድረስ ተሠራ። መጨረሻ ላይ የወጡት ባለ አራት በሮች መሠረታቸው የ1953ቱ ቦዲ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ቅርጽ ማውጫ የሚገዛ ገንዘብ አልተገኘም።

ኩባንያው ራሱ ግን በዚያ ቀን አልሞተም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አመራሩ ቀደም ብሎ የሞተር ዘይት ተጨማሪ፣ የአትክልት ትራክተር፣ ጄነሬተር የሚሠሩ ድርጅቶችን ገዝቶ ነበር። መኪናው ሲዘጋ እነዚህ ማትረፋቸውን ቀጠሉ። ባለአክሲዮኑ ተረፈ። ሠራተኛውስ?

ጡረታው የት ገባ?

በ1950 ኩባንያውና የሠራተኛ ማኅበሩ የጡረታ ፈንድ አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ትልቅ ድል ነበር። አሠራሩ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። እስቲ በእቁብ እንየው።

እቁብ መሃል ላይ ቢፈርስ ማን ይጎዳል? ቀድሞ የደረሰው በልቷል። ዕጣው ያልወጣለት ደግሞ ሲጥል ኖሮ ባዶ እጁን ይቀራል። የስቱድቤከር ጡረታ በዚህ በኩል ከእቁብ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እቁቡ ሲጀመር ከጀርባ ጉድለት ነበረው። ፈንዱ ሲቋቋም ለሠራተኞቹ ከ1950 በፊት የሠሩት ዘመን ጭምር ተቆጠረላቸው። ፍትሐዊ ነው፤ ሠርተዋላ። ለዚያ ላለፈው ዘመን ግን የተቀመጠ ሳንቲም የለም። ኩባንያው ያንን ክፍተት በ30 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊሞላ ተስማማ። በመሃል ጡረታው ሲጨመርም ክፍተቱ አብሮ ሰፋ። ሁሉም ነገር የቆመው ፋብሪካው ቢያንስ 30 ዓመት ይኖራል በሚል ግምት ላይ ነው። የኖረው 13 ዓመት ሆነ።

ፈንዱ ሲዘጋ ሰዉ በሦስት ተከፈለ። ጡረታ የወጡትና ዕድሜያቸው 60 ደርሶ አሥር ዓመት የሠሩት ወደ 3,600 ሰዎች ሙሉ ጡረታቸውን አገኙ። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሠርተው ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆኑት ወደ 4,000 የሚጠጉት ከሚገባቸው ከአንዱ ዶላር 15 ሳንቲም ያህል ደረሳቸው። የቀሩት ወደ 2,900 ሰዎች ምንም።

መካከለኛዎቹን አስቧቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ነበር፤ አማካይ አገልግሎታቸው 23 ዓመት ገደማ። እንዲህ ያለው ሰው የተቀጠረው በ1940 ወይም በ1941 ነው። ያን ጊዜ 29 ዓመቱ ነው። ወደ ሩሲያ የተላኩትን የጭነት መኪናዎች ሠርቷል። የ1953ቱን ፓራፋንጎ ለማስገጠም ታግሏል። ላርክን አይቶ ተርፈናል ብሏል። ጎኑ የሚሠራው ባልደረባው 60 ዓመት ከሞላው ሙሉ ጡረታ ይዞ ይወጣል። እሱ 59 ከሆነ 15 ሳንቲሙን ይዞ ይወጣል። በ52 ዓመቱ ሌላ ፋብሪካ ደጅ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይቆማል።

ሰረቋቸው ማለት ነው?

አይደለም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው። ማንም ገንዘቡን ይዞ አልጠፋም። ቅድሚያ የሚያገኘው ማን እንደሆነ በስምምነቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ የሚጣስ ሕግ አልነበረማ። በዚያን ጊዜ አንድ የግል ድርጅት ጡረታ ቃል ገብቶ ገንዘቡን በበቂ ካላስቀመጠ የሚያስገድደው፣ ድርጅቱ ሲዘጋም የሚክስ አካል አልነበረም።

የሠራተኛ ማኅበሩ ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን ወሰደው። የኢንዲያናው ሴናተር ቫንስ ሃርትኬ ጡረታ እንደ ባንክ ተቀማጭ ዋስትና ይኑረው የሚል ረቂቅ አቀረቡ፤ አላለፈም። የኒውዮርኩ ሴናተር ጄከብ ጃቪትስ ለዓመታት ገፉበት። ሌሎች ድርጅቶችም ሲዘጉ ሌላ ሠራተኛ ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1974፣ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የሠራተኞችን ጡረታ የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። በአጭሩ ኤሪሳ ይባላል።

ኤሪሳ ዛሬ ምን ያደርግልናል?

የጡረታ ገንዘብ ከአሠሪው ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ድርጅቱ ቢከስር አበዳሪ አይነካውም። ወርሃዊ ጡረታ ቃል የገባ ድርጅት ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በየጊዜው ማስቀመጥ ግድ ነው። ያም ሆኖ ድርጅቱ ቢወድቅ የሚከፍል የመንግሥት የዋስትና ተቋም አለ፤ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ።

ሌላው “ቬስትድ” የሚባለው ነው። ብዙ ሰው በሂሳብ መግለጫው ላይ ያየዋል፣ ያልፈዋል። ያንተ ሆኖ የጸና፣ ሥራ ብትለቅም ማንም የማይወስደው ማለት ነው። 401(ኬ) የሚባለው፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ ሂሳብ ካላችሁ፣ ከደመወዛችሁ የተቆረጠው ከመጀመሪያው ቀን የእናንተ ነው። አሠሪው የሚጨምረው ግን የተወሰነ ዓመት እስክትሠሩ ላይጸና ይችላል። ሕጉ ከተወሰነ ዓመት በላይ እንዳያስጠብቋችሁ ይከለክላል። ሥራ ልትቀይሩ ስታስቡ ይህችን ቁጥር ተመልከቱ፤ ሁለት ወር ብትታገሡ ሙሉው የእናንተ የሚሆን ሊሆን ይችላል። የዕቅዱን ማብራሪያ ጽሑፍ ጠይቁ፤ አሠሪው እንዲሰጣችሁ ይኸው ሕግ ያስገድደዋል።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ያ የመንግሥት ዋስትና የሚሸፍነው ወርሃዊ ጡረታ ቃል የተገባበትን ዓይነት ነው። 401(ኬ) ውስጥ ያለ ገንዘብ ገበያው ሲወርድ አብሮ ቢወርድ የሚክስ የለም።

ሳውዝ ቤንድ ላይ የስቱድቤከር ሙዚየም አለ። ከድሮው ሕንፃዎች አንዱ ታድሶ ቢሮ ሆኗል፤ የከተማው ከንቲባ የነበሩት ፒት ቡቲጀጅ በ2019 ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ያስታወቁት እዚያ ውስጥ ቆመው ነው። የ1974ቱ ሕግ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። በዚያ ሕንፃ 23 ዓመት የሠሩት ሰዎች ከዚያ 15 ሳንቲም በላይ አላገኙም።